ትርንጎ፣ ጭራ የሌላት መኪናና የወፍጮው ጉሮሮ

ተረት ተረት!

የጋራዥ ብረት!

እንዲህ ብላችሁ ከተቀበላችሁኝ እኔም አልሰስትባችሁም፤ ይኸው።

ደሴ ላይ፣ የጦሳ ጉም ሳይጠራ ገብቶ እንደ ዘመድ በሚቀመጥበት አንድ ሰፈር፣ የአያ ይመር ጋራዥ ነበረ። አያ ይመር ተራ ጠጋኝ አይደሉም። ልብስ ሰፊ ትከሻ ለክቶ ኮት እንደሚሰፋ፣ እሳቸውም ሰው ለክተው መኪና ይሠራሉ። ረጅም ሰው ከመጣ ጣሪያ ያነሳሉ፤ ወፍራም ሰው ከመጣ በር ያሰፋሉ። ከአንዱ የሞተ መኪና ፊቱን፣ ከሌላው ወገቡን ይወስዱና ቆርጠው፣ ቀጥቅጠው፣ በይደው፣ ቀለም ቀብተው ሲያስነሱት፣ የድሮ ባለቤቱ እንኳ በአጠገቡ ቢያልፍ አያውቀውም።

እዚህ ጋራዥ ትርንጎ የምትባል ወጣት ብየዳ ልማር ብላ ገባች። ምኞቷ ትንሽ ነበረች። ያቺን ሰማያዊ እሳት በገዛ እጇ ለኩሳ ሁለት ብረት አንድ ማድረግ፤ በቃ፣ ሌላ ምንም አላማራትም። አያ ይመር ግን ደንብ አላቸው። ተማሪ እሳት ከመንካቱ በፊት ከባዶ የዘይት ቆርቆሮ፣ በመቀስና በመዶሻ፣ ጠርዝ ከጠርዝ በማጠፍ ብቻ ጣሳ ይሠራል። ማታ ውሃ ይሞላበታል። ጠዋት ከሥሩ ያለው መሬት ከረጠበ እንደገና ነው።

«ብረት በቀዝቃዛው ካልታዘዘሽ በእሳትም አይታዘዝሽም» ይሏታል።

የትርንጎ የመጀመሪያ ጣሳ እንደ ወንፊት አፈሰሰ። የሚቀጥለው አለቀሰ። ከዚያ በኋላ ያለው ላብ ብቻ አላበው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይሏታል አያ ይመር፤ እሷ ደግሞ በልቧ «እኔ የመጣሁት መኪና ልሠራ ነው፣ እንቁላሉ ይቅርብኝ» ትላለች። በመጨረሻ አንዱ ጣሳ ውሃውን ዋጥ አድርጎ ሲያድር፣ አያ ይመር ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ትርንጎ ግን ባየችው ቁጥር ፊቷን ታዞራለች። በዚያ ላይ መንሱር አለ። መንሱር ከሌላ ጋራዥ ተምሮ የመጣ በያጅ ነው፤ ከብየዳው ይልቅ ለጢሙ የሚጠነቀቅ። ጣሳ ሥራ ሲባል አንድ ጊዜ ወገቤን፣ አንድ ጊዜ ለቅሶ አለብኝ እያለ ያመለጠ ሰው ነው። እሷን ሲያይ ግን «ወይዘሪት መዶሻ እንዴት አደረች?» ይላታል።

በበልጉ ዝናብ መሐል እንድሪስ የሚባል ሙሽራ ወደ ጋራዡ መጣ።

«አያ ይመር፣ የእናቴ ጉልበት ከድቷታል» አለ። «መኪና ላይ እግሯን አንስታ መውጣት አትችልም። የሠርጌ ዳስ ደግሞ ላይ ከተማ ነው። ሰው ሁሉ 'ቤቷ ትቀመጥ፣ ምግቡ ይላክላታል' ይለኛል። በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ እናቴ ሠርጌን በወሬ አትሰማም! እግሯን ሳታነሳ፣ ቤቷ እንደምትገባ ሁሉ የምትገባበት መኪና ሥሩልኝ።»

አያ ይመር ሄደው የሙሽራውን እናት እመት መዲናን ለኩ። ከዚያ የፔጆ ፊት፣ የላንድሮቨር ወገብ አገኙ። ጭራዋን ግን የትም አላገኙም፤ እንዲህ ያለ ጭራ ያለው መኪና አልተፈጠረማ! ከአዲስ ላሜራ፣ ማለትም ከዝርግ ብረት፣ ትርንጎ ቀጥቅጣ አወጣችው። ዝቅ ያለ፣ እንደ ደጃፍ የሚከፈት፣ ሲከፈት መሬት የሚነካ ጭራ። የቀረው እሱን ከወገቡ ጋር መበየድ ብቻ ሆነ።

የሠርጉ ዋዜማ ጠዋት አያ ይመር መስታወት ሊያመጡ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ፣ በር ላይ ቆም አሉ።

«ትርንጎ፣ ጭራውን አንቺ በይጂው።»

«እኔ?»

«አንቺ። ፀሐይ ሳትጠልቅ እመለሳለሁ። ይዞ ካገኘሁት በያጅ ነሽ። ሳይበየድ ካገኘሁት ግን እንድሪስን ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ እናቱም እቤቷ ትቀመጣለች፤ አንቺም ወደ ጣሳሽ።»

ትርንጎ ከደስታዋ ብዛት መጥረጊያውን አቅፋ ዞረች። ጭንብሉን አጠለቀች። ጓንቱን ሳበች። ከካርቶኑ አንድ ኤሌክትሮድ፣ ያን እየቀለጠ የሚበይደውን ልባስ ያለው ዘንግ፣ አወጣች፣ መያዣው ላይ ሰካች፣ ብረቱን ነካች።

ፍጭጭ! ቱፍ! ጭስ።

«እምቢ» አለ ኤሌክትሮዱ። ኤሌክትሮድ ይናገራል ወይ የሚል ካለ በያጅ ይጠይቅ፤ በያጅ ቀኑን ሙሉ ከሌላ ከማን ጋር ያወራል? «ሌሊቱን ጣሪያው ሲያንጠባጥብብኝ አደረ። እርጥብ ሆኜ ብትለኩሺኝ እተፋለሁ፣ ብየዳሽንም ቀዳዳ በቀዳዳ አደርገዋለሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል! ሴትዮዋን ዳገት ላይ ልትጥያት ነው? ይልቅ የዳቦ ምድጃ ጥግ አስተኚኝና ልድረቅ።»

ካርቶኑን ሁሉ አገላበጠችው፤ ሁሉም ረጥቧል። መንሱርም ጢሙን እያሻሸ መጣ።

«የዕቃ መደብሩ ተዘግቷል፤ ባለቤቱ ለእንድሪስ ዳስ ሊጥል ሄዷል» አላት። «ከሰል ላይ አደርቃለሁ ብለሽም አትድከሚ። እኔ ሞክሬ ልባሱ እንደ ተቀቀለ ድንች ተልጦብኛል።»

«እንግዲያው ወደ ዳቦ ቤት!» አለች ትርንጎ። ካርቶኑን በፌስታል ጠቀለለች። «ኤሌክትሮድ ሳይደርቅ ጭራ አይበየድም፤ ጭራ ሳይበየድ እመት መዲና ሠርግ አትሄድም፤ ሮጥኩ!»

ዳቦ ቤቱ የእትዬ ሐዋ ነው። እትዬ ሐዋ ባዶ ምድጃ ፊት ለፊት እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ቆመዋል። ከኋላቸው የሠርጉ ሊጥ ከገንዳው አልፎ ጠረጴዛው ላይ መውጣት ጀምሯል።

«እትዬ ሐዋ! ምድጃው ይንደድ፣ ኤሌክትሮዱ ይድረቅ፣ ጭራው ይበየድ፣ እመት መዲና ሠርግ ትሂድ!»

«እምቢ ብሏል» አሉ እትዬ ሐዋ። «ፍልጥ ከየት አምጥቼ ላንድደው? ፍልጤ እዚያ እላይ ዳገቱ ጫፍ ተቆልሏል። የከተማው ጋሪ በሙሉ የሠርግ ወንበር እያመላለሰ ነው። የቀረው የአበጋዝ ጋሪ ብቻ፤ እሱም ከጠዋት ጀምሮ ቆሞ አይንቀሳቀስም። ይሄ ሊጥ እኮ ትንሽ ከቆየ እራሱ በእግሩ ሠርግ ቤት ይሄዳል!»

«እሄዳለሁ፣ እኔ አስነሳዋለሁ!» አለች ትርንጎ ካርቶኑን እዚያው ጥግ አስቀምጣ። «ጋሪ ሳይወጣ ፍልጥ አይመጣም፤ ፍልጥ ሳይመጣ ምድጃ አይነድም፤ ምድጃ ሳይነድ ኤሌክትሮድ አይደርቅም፤ ኤሌክትሮድ ሳይደርቅ ጭራ አይበየድም፤ ጭራ ሳይበየድ እመት መዲና ሠርግ አትሄድም፤ ሮጥኩ!»

አበጋዝ ዳገቱ ሥር ላስቲክ ለብሶ ጋሪው ላይ ተቀምጧል። ከፊቱ ዳማ ቆሟል። ዳማ ፈረሱ ነው፤ በወጣትነቱ በጉግስ ስሙ የተጠራ፣ አሁን አርጅቶ ጋሪ የሚጎትት፣ ጉራው ግን ያላረጀ ፈረስ።

«አበጋዝ! ጋሪው ይውጣ፣ ፍልጡ ይምጣ፣ ምድጃው ይንደድ፣ ኤሌክትሮዱ ይድረቅ፣ ጭራው ይበየድ፣ እመት መዲና ሠርግ ትሂድ!»

«እኔማ እሺ ባይ ነኝ፣ እታለም» አለ አበጋዝ። «እምቢ ያለው እሱ ነው። ጠይቂው።»

ትርንጎ ዳማን አየችው። ዳማ ወደ ጦሳ ተራራ አየ።

«ገብስ ካልበላ ዳገት አይወጣም» አለ አበጋዝ። «ገብሱ ይኸው በጆንያ አለ። ግን ጥርሱ አልቋል፤ ያልተከካ ገብስ ስሰጠው አፉ ውስጥ ያንከባልልና እግሬ ላይ ይተፋዋል። ወፍጮ ቤት ብሄድ ደግሞ ወፍጮው ቆሟል አሉኝ።»

«ለምን ቆመ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ፈረስ እንጂ ወፍጮ የለኝ።»

ትርንጎ ጆንያውን ተሸከመች። ዝናቡ ያካፋል፣ ጭቃው ጫማዋን ይስባል፣ እሷ ግን ልቧ እየዘለለ ነው። ሰማያዊዋ እሳት ጥቂት በሮች አልፋ እየጠበቀቻት መሰላት። «ገብስ ሳይከካ ዳማ አይበላም፤ ዳማ ሳይበላ ጋሪ አይወጣም፤ ጋሪ ሳይወጣ ፍልጥ አይመጣም፤ ፍልጥ ሳይመጣ ምድጃ አይነድም፤ ምድጃ ሳይነድ ኤሌክትሮድ አይደርቅም፤ ኤሌክትሮድ ሳይደርቅ ጭራ አይበየድም፤ ጭራ ሳይበየድ እመት መዲና ሠርግ አትሄድም፤ ሮጥኩ!» ከነጆንያዋ ሮጠች ብላችሁ ካላመናችሁኝ ጭቃውን ጠይቁ።

ወፍጮ ቤቱ ጭር ብሏል። ወፍጮ ቤት ጭር ሲል ያስፈራል፤ ሰው የራሱን ድምፅ ይሰማል። ሴቶች በየጆንያቸው ላይ ተቀምጠው ባለወፍጮውን ጋሽ መንበሩን ያዩታል፤ ጋሽ መንበሩም ወፍጮውን ያያል።

«ጋሽ መንበሩ! ወፍጮው ይዙር፣ ገብሱ ይከካ፣ ዳማ ይብላ፣ ጋሪው ይውጣ፣ ፍልጡ ይምጣ፣ ምድጃው ይንደድ፣ ኤሌክትሮዱ ይድረቅ፣ ጭራው ይበየድ፣ እመት መዲና ሠርግ ትሂድ!»

«ልጄ፣ ወፍጮው እኮ ጤነኛ ነው» አለ ጋሽ መንበሩ። «እምቢ ያለው ጉሮሮው ነው።» እህል ወደ ድንጋዩ የሚወርድበትን የቆርቆሮ ማፍሰሻ አሳያት። ከላይ እስከ ታች ተተርትሯል። «የሚፈስበት እህል ግማሹ መሬት ላይ ነው የሚቀረው። የሰው እህል ነው፤ እንዴት አድርጌ ልፍጭ?»

«ታዲያ ለምን አይጠገንም?»

«በያጅ እየጠበቅሁ ነዋ! መንሱርን ብጠራው 'ቀጭን ነው፣ እሳት ይበላዋል' አለና ነገ ነገ ይለኛል። አንቺስ የይመር ጋራዥ ልጅ አይደለሽም? በይጂልኛ!»

ትርንጎ አፏን ከፈተች። «በያጅ ሳይመጣ ጉሮሮ አይጠገንም» ብላ ጀመረች። «ጉሮሮ ሳይጠገን ወፍጮ አይዞርም፤ ወፍጮ ሳይዞር ገብስ አይከካም፤ ገብስ ሳይከካ ዳማ አይበላም፤ ዳማ ሳይበላ ጋሪ አይወጣም፤ ጋሪ ሳይወጣ ፍልጥ አይመጣም፤ ፍልጥ ሳይመጣ ምድጃ አይነድም፤ ምድጃ ሳይነድ ኤሌክትሮድ አይደርቅም፤ ኤሌክትሮድ ሳይደርቅ... ኤሌክትሮድ ሳይደርቅ በያጅ አይበይድም!»

«ሮጥኩ!» አላለችም። ወዴት ትሩጥ? የመጨረሻው በር የመጀመሪያው በር ሆኖ አገኘችው።

ከሴቶቹ አንዷ፣ ዘውዲቱ የምትባል የጤፍ ጆንያዋ ላይ የተቀመጠች ሴት፣ «ታዲያ እንደገና ከላይ ጀምሪው፣ ምናልባት ሌላ መውጫ ይኖረው ይሆናል» አለቻት። ጀመረችው። ጉሮሮ፣ ወፍጮ፣ ገብስ፣ ዳማ፣ ጋሪ፣ ፍልጥ፣ ምድጃ፣ ኤሌክትሮድ፣ ደግሞ ጉሮሮ! መውጫ የለውም። የኮምቦልቻ መንገድ ደግሞ ረጅም አይደለም፤ አያ ይመር መስታወታቸውን ጭነው ይሆናል። ትርንጎ ጆንያዋ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ማልቀስ አማራት። እመት መዲና ነገ በሯ ላይ ተቀምጣ የሌላ ሰው እልልታ ስትሰማ ታየቻት፤ ከዚያም ያ የተረገመ ጣሳ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ታያት።

ጣሳው!

ብድግ አለች። ሄዳ የተተረተረውን ጉሮሮ በጣቷ ዳሰሰችው። ሳሳ ያለ ነው። ጠርዙን ነካ ስታደርገው እጅ ይሰጣል። የዘይት ቆርቆሮ ውፍረት! ሌሊት ተነስታ ዓይኗን ጨፍና ብትነካው የምታውቀው ውፍረት!

«ጋሽ መንበሩ!» ብላ ጮኸች። «ይሄን እኮ የሠራው ሰው በያጅ አይደለም። መጀመሪያም በእጥፋት ነው የተሰፋው። ስፌቱ ነው የተፈታው!»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ብየዳ ምን ያደርግለታል?»

ጋሽ መንበሩ ጭንቅላቱን አከከ። በዚያ ሰፈር የብየዳ ማሽን ከገባ ወዲህ፣ ምጣድ ቢሰነጠቅ በያጅ፣ ባልና ሚስት ቢጣሉ በያጅ የሚባልበት ጊዜ ነበር። እሳት ያልነካው ጥገና ሰው ጥገና አይመስለውም። እውነቱን ለመናገር ትርንጎም እስከዚያች ቀን ከነሱ አንዷ ነበረች።

«ጭራዬን ያዙልኝ!» አለችና፣ ምን እንዳለች ሳታውቅ ወደ ጋራዥ በረረች።

«ደረቀ?» አላት መንሱር።

«አልደረቀም! መዶሻዬ የታለ?»

«ወይዘሪት መዶሻ፣ ለኤሌክትሮድ መዶሻ ምን ያደርጋል?» ሲላት እሷ መዶሻውን፣ መቀሱንና የእንጨት ግንዲላውን ይዛ ከዓይኑ ጠፍታለች። መንሱርም ጢሙን ማሻሸት ትቶ ተከተላት፤ ምክንያቱም ሰው ሲሮጥ አይቶ አለመከተል በደሴ ይከብዳል።

ጋሽ መንበሩ ገና አላመነም። «እሳት የሌለው ጥገና! ጉድ ነው መቼም። ብታባብሺብኝስ?»

«ጋሽ መንበሩ፣ ሙሽራ ነህ እንዴ ይሄን ያህል የምትለመነው?» አለችው ዘውዲቱ። «ከዚህ የባሰ ምን ይመጣል? ስጣት!»

ጉሮሮው ተፈትቶ ወረደ። ትርንጎ ግንዲላው ላይ አስተኛችው። የተበላሸውን ጠርዝ በመቀስ አጸዳች። አንዱን ከንፈር ወደ ላይ አጠፈች፤ ሌላውን ወደ ታች። ሁለቱን ጣት ከጣት እንደሚቆላለፍ አቆላለፈቻቸውና መታቻቸው። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፤ ሳትቸኩል፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ከዚያ እጥፋቱን ደግማ አጠፈችው። እጇ ራሱ ያውቃል። ያ ሁሉ ያፈሰሰ ጣሳ፣ ያ ሁሉ የረጠበ መሬት እጇ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል። ይሄን ስታውቅ ደስታዋ አፍኗት ሳቀች።

ጉሮሮው ተመልሶ ተሰቀለ።

«ጤፍ» አለ ጋሽ መንበሩ እጁን አጣጥፎ። «ስንዴ የያዘ ሁሉ ጤፍ አይዝም። ጤፍ ካፈሰሰ አልቀበልም።»

ዘውዲቱ ከጆንያዋ እፍኝ ጤፍ ዘግና አፈሰሰችበት። ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ መሬቱን አየ። ሽርርር ብሎ ወረደ፤ ወደ ድንጋዩ። መሬቱ ላይ ምንም የለም። ቆይ! አንዲት ፍሬ ጠብ አለች።

«አፈሰሰ!» አለ ጋሽ መንበሩ።

«ያቺማ ካንተ ቅንድብ ናት!» አለች ዘውዲቱ፤ ወፍጮ ቤቱም በሳቅ ተናጋ። ጋሽ መንበሩ ቅንድቡን ቢያራግፍ ሌላም ወረደ። እሱም ሳቀና ማሽኑን አስነሳው።

አሁን ያዙኝ እንግዲህ፣ መሮጥ ነው! ጉሮሮው ያዘ፣ ወፍጮው ዞረ፣ ገብሱ ተከካ። ትርንጎ ክኩን ተሸክማ በረረች፤ ዳማ እስከ ጆሮው ጆንያው ውስጥ ገብቶ በላ፣ አንዴ አሽካካ፣ የጉግስ ዘመኑ ትዝ አለው መሰል ዳገቱን ሽቅብ ሳይገረፍ ወጣ፤ አበጋዝ ከኋላ «ቀስ በል አንተ፣ እኔ አርጅቻለሁ!» እያለ ሮጠ። ጋሪው ወጣ፣ ፍልጡ መጣ፣ ምድጃው ነደደ። እትዬ ሐዋ አንዱን ጥግ ጠረጉና ኤሌክትሮዶቹን በቆርቆሮ ላይ ደርድረው አስገቡ። «ዕድሜ ልኬን ዳቦ ስጋግር ኖሬ፣ ዛሬ ሽቦ ጋገርሁ» አሉ። ኤሌክትሮዱ ሞቀ፣ አላበው፣ ደረቀ። ትርንጎ በጨርቅ ጠቅልላ እንደ አራስ ልጅ ታቅፋው ወደ ጋራዥ ሮጠች።

እዚህ ላይ «መብራት ጠፋ» ብዬ ላስደነግጣችሁ አስቤ ነበር። ግን አልጠፋም፤ እኔም ያን ያህል ክፉ አይደለሁም።

ጭራው በቦታው ቆሟል። መንሱር ሳትጠይቀው አንዱን ጫፍ ደግፎ ያዘላት። ጭንብሉን አወረደች፣ ኤሌክትሮዱን ሰካች፣ ብረቱን ጫር አደረገችው።

«እሺ» አለ ኤሌክትሮዱ።

ሰማያዊዋ እሳት በራች! ያቺ የተመኘቻት፣ የናፈቀቻት፣ ስንት ጊዜ ከሌላ ሰው ትከሻ ጀርባ ሆና ያየቻት። አሁን በእሷ እጅ ናት። ድምፁ እንደሚጠበስ ሥጋ ነው፤ እኩል፣ ሳይቆራረጥ። መጀመሪያ እጇ ቸኮለ። ከዚያ የመዶሻው ነገር ትዝ አላት፤ ሳትቸኩል፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። የቀለጠው ብረት ከኤሌክትሮዱ ሥር እየተከተላት መጣ፣ ከኋላዋም እየረጋ ቀረ። ሁለቱ ብረት አንድ ሆኑ። ጨርሳ ጭንብሉን ስታነሳ ፊቷ በላብ ታጥቧል፤ ጥርሷ ብቻ ነው የሚታየው፣ አፏን መክደን አቅቷት።

ፀሐይዋ ጦሳ ላይ ስትደገፍ አያ ይመር መስታወታቸውን አስጭነው ደረሱ። ሰላም አላሉም። በቀጥታ ወደ ጭራው ሄዱ። ቅርፊቱን በመዶሻ ጫፍ አራገፉ፣ ብየዳውን በአውራ ጣታቸው ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱት። ከዚያ ትልቁን መዶሻ አነሱና ጭራውን ባላቸው ኃይል መቱት።

ድንንን!

ጭራው ዘፈነ እንጂ አልተነቃነቀም።

«ይዟል» አሉ አያ ይመር። «በያጅ ነሽ።»

ትርንጎ ዘላ ልታቅፋቸው ስትል እጃቸውን አነሱ። «ቆይ፣ አልጨረስሁም። ይሄን ሳላይ ነው የወሰንሁት። ስመለስ ወፍጮው ሲዞር ሰማሁና ወረድሁ። ጉሮሮውን አየሁት። ጤፍ የማያፈስ እጥፋት!» ጭራውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። «ይቺ ልጅ ካሁን በኋላ ብትበይድም አልሰጋላትም አልሁ።»

መንሱር ጠጋ አለ። «ወይዘሪት መ... ማለቴ ትርንጎ፣ እስቲ ያን እጥፋት አንድ ጊዜ ታሳዪኛለሽ?»

አያ ይመር መልሱን አልጠበቁም። ጥግ ሄደው ባዶ የዘይት ቆርቆሮ አመጡና እጁ ላይ አኖሩለት።

«ማታ ውሃ ትሞላበታለህ» አሉት።

በማግስቱ እመት መዲና በልጇ ክንድ ተደግፋ ከቤቷ ወጣች። ጭራው መሬት ድረስ ወርዶ ይጠብቃታል። እግሯን ሳታነሳ፣ እንደ ገዛ ደጃፏ፣ ገብታ ተቀመጠች። ብየዳውን በመዳፏ ዳበስ አደረገችና «የማን እጅ ነው?» አለች።

«የኔ ነው፣ እመት መዲና» አለች ትርንጎ።

«እጅሽ አይዛል፣ ልጄ። እኔ እኮ አልሄድም ብዬ ቁርጤን አውቄ ነበር።»

ያኔ ትርንጎ አለቀሰች፤ ትናንት የቀረባትን ልቅሶ ጨምራ። መኪናዋም ዳገቱን ወጣች፤ ከፊቷ ዳማ ጋሪውን ይዞ እንደ ጉግስ ፈረስ አንገቱን ቀልብሶ፣ ጋሪው ላይ የእትዬ ሐዋ ትኩስ ዳቦ፣ ከኋላ እልልታ። ዳስ የጣለው የዕቃ መደብር ሰውዬም ቆሞ «ይቺን መኪና የት ነው የገዛችሁት?» እያለ ይጠይቅ ነበር።

እንግዲህ ሰንሰለቱ ከየት እንደሚጀምር አወቃችሁ። ጣሳው እጅ አሠለጠነ፣ እጅ ጉሮሮ አጠፈ፣ ጉሮሮው ወፍጮ አዞረ፣ ወፍጮው ገብስ ከካ፣ ገብሱ ዳማን አበላ፣ ዳማ ጋሪ ጎተተ፣ ጋሪው ፍልጥ አመጣ፣ ፍልጡ ምድጃ አነደደ፣ ምድጃው ኤሌክትሮድ አደረቀ፣ ኤሌክትሮዱ ጭራ በየደ፣ እመት መዲናም ሠርግ ሄደች።

መንሱር? የመጀመሪያው ጣሳው እንደ ወንፊት አፈሰሰ።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ከእትዬ ሐዋም ትኩስ ዳቦ ቁረሱልኝ።